«ታሊታ ቁሚ»፦ በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘመን ሰው በየዕለቱ በምን ቋንቋ ይነጋገር ነበር?

ጠያቂው ዘእንጦጦ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እሑድ ለአያቴ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 5 እያነበብሁላት ሳለ፣ ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ባስነሣበት ስፍራ «ታሊታ ቁሚ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «ቁሚ ማለትማ የእኛው ቃል ነው፤ ምኑን ነው የሚተረጉመው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በልጅነታችን የተማርነው «ጌታ በዕብራይስጥ ያስተምር ነበር፤ ሐዋርያት በግሪክኛ ጻፉ» የሚል አጭር መልስ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ግን ስለ አራማይክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚያ ዘመን ገበያ የሚወጣው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ልጁን የሚቆጣው ሰው በምን ቋንቋ ይናገር ነበር? ደግሞስ በእጃችን የቀረው መጽሐፍ በግሪክኛ ከሆነ የአፉን ቋንቋ በምን እናውቀዋለን?

ብራና

ጠያቂው፣ አያትዎ ነገሩን ከሥሩ ይዘውታል። (አስቀድሜ ልናገር፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ታሊታ ቁሚ» አራማይክ ነው። አራማይክ ከዕብራይስጥም ከግእዝም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ በመሆኑ «ቁሚ» የሚለው የሴት ትእዛዝ በአያትዎ ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይችልም። «ታሊታ» የተባለውም ቢሆን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ መነሻው የበግ ወይም የፍየል ግልገል ማለት ሲሆን በግእዝ ፍየልን «ጠሊ» የምንለው ከዚያው ሥር ነው። ሕፃን ልጅን በግልገል ስም መጥራት የቤት ቋንቋ እንጂ የመጽሐፍ ቋንቋ አይደለም፤ እናት በጓዳ የምትለው ዓይነት ቃል ነው።

የበለጠ የሚገርመው በብራናዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ የግሪክኛ ብራናዎች፣ የሲናውና የቫቲካኑ፣ «ቁሚ» አይሉም፤ «ቁም» ይላሉ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የእስክንድርያው ብራና ደግሞ «ቁሚ» ይላል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በዚያ ዘመን በፍልስጥኤም የአፍ አራማይክ የመጨረሻው ደካማ አናባቢ መሰማቱን ትቶ ስለነበር ለሴት ሲጻፍ «ቁሚ» የሚባለው ሲነገር «ቁም» ይመስል ነበር። እንግዲህ ጥንታዊዎቹ ብራናዎች የያዙት ጸሐፊ በሰዋስው ያረመውን ሳይሆን ጆሮ የሰማውን ነው ማለት ነው።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስም በዚህ ይጀምራል። የአፍ ቋንቋ ራሱን የሚገልጠው ጸሐፊ በራሳቸው ድምፅ እንዳሉ በተዋቸው ቃላትና በጸሐፊ ስሕተት ውስጥ ነው። «ኤፍታህ» የሚለውን ተመልከቱ፤ «ፍታ» እና «ፍታሕ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነው። «ላማ ሰበቅታኒ» በሚለው መጨረሻ ያለው «ኒ» በግእዝ «ኀደግከኒ» ስንል «እኔን» የሚያመለክተው ያው «ኒ» ነው። «አባ»፣ «ኬፋ»፣ «ጎልጎታ»፣ «አኬልዳማ»፣ «ማራን አታ» ሁሉም በግሪክኛው ጽሑፍ መካከል በድምፃቸው እንዳሉ የቀሩ የአራማይክ እንክብሎች ናቸው።

ቀለም ቀንድ

ወንድሜ ብራና፣ ያቀረቡት ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልቃወም። የሐዋርያት ሥራ 21፥40 ጳውሎስ ለሕዝቡ «በዕብራይስጥ ቋንቋ» እንደ ተናገረ ይጽፋል እንጂ በአራማይክ አይልም። የዮሐንስ ወንጌልም በመስቀሉ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ እንደ ነበር ይናገራል። ዛሬ ዛሬ ዕብራይስጥ ከባቢሎን ምርኮ ጀምሮ ሞቶ ነበር ብሎ መናገር ፋሽን ሆኗል፤ መጽሐፉ ራሱ የሰየመውን ቋንቋ ትተን ያልሰየመውን የምንከተልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ብራና

ተቃውሞዎ ተገቢ ነው፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። ዕብራይስጥ አልሞተም ነበር። በ132 በሮም ላይ የተነሣው የአይሁድ መሪ የባር ኮክባ ሠራዊት አዛዦች ስለ ስንዴ፣ ስለ እስረኛ፣ ለዳስ በዓል ስለሚያስፈልገው ዘንባባ የተላላኩት ደብዳቤ በይሁዳ ምድረ በዳ ዋሻዎች ውስጥ ሲገኝ፣ ከፊሉ በዕብራይስጥ፣ ከፊሉ በአራማይክ፣ ጥቂቱም በግሪክኛ ተጽፎ ነው የተገኘው። የሞተ ቋንቋ ስንቅ አያስጭንም።

ነገር ግን «ዕብራይስጥ» የሚለውን ስም መጽሐፉ እንዴት እንደሚጠቀምበት ልብ ይበሉ። ዮሐንስ 19፥17 «በዕብራይስጥም ጎልጎታ» ይላል፤ 19፥13 ደግሞ «ገበታ» የሚለውን ስም እንዲሁ ዕብራይስጥ ይለዋል። ሁለቱም በመጨረሻቸው የአራማይክን መልክ የያዙ ቃላት ናቸው። በግሪክኛ የሚጽፍ ሰው «ዕብራይስጥ» ሲል «ዕብራውያን የሚናገሩት ቋንቋ» ማለቱ ነው፤ ሁለቱን እኅትማማች ቋንቋዎች ለይቶ ለመሰየም ግድ አልነበረውም። ስለዚህ ጳውሎስ በመቅደሱ ደረጃ ላይ ቆሞ የተናገረው አራማይክ ሊሆን ይችላል፤ ዕብራይስጥም ሊሆን ይችላል፤ ከጽሕፈቱ ብቻ መቁረጥ አይቻልም።

በዚያው ታሪክ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አለ። ጥቂት ቀደም ብሎ የሻለቃው «የግሪክ ቋንቋ ታውቃለህን?» ብሎ ሲገረም እናያለን። አንዱ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለባለ ሥልጣኑ በአንድ ቋንቋ፣ ለሕዝቡ በሌላ ቋንቋ ተናገረ፤ ሕዝቡም በራሱ ቋንቋ እንደሚናገር በሰማ ጊዜ «አብዝተው ዝም አሉ» ይላል።

የሕግ ሰው

እኔ የሥነ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ የምኖረው በውልና በክስ ወረቀት መካከል ነው። ስለዚህ ከእኔ ሙያ ወገን አንዲት ሴት ልጨምር።

ባባታ የምትባል አይሁዳዊት ነበረች፤ የኖረችው ከሙት ባሕር ደቡብ፣ የናባጣውያን (ዋና ከተማቸው ጴጥራ የነበረች የዐረብ ሕዝብ) ምድር በነበረው አገር ነው። በባር ኮክባ ጦርነት ጊዜ ሰነዶቿን በከረጢት ጠቅልላ ወደ ዋሻ ይዛ ገባች፤ በ1961 የጥንት ቅርስ ቆፋሪው ይጋኤል ያዲን የመራው ቡድን 35 ሰነዶቿን አገኘ። ከእነዚህ የሚበዙት በግሪክኛ፣ ሌሎቹ በናባጥኛና በአይሁድ አራማይክ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያ ባሏ ሞቶ ኢየሱስ (ኢያሱ) የሚባል ልጅ ቀርቶላት ስለነበር፣ የጴጥራ ከተማ ምክር ቤት በ124 ለልጁ ሁለት ሞግዚቶች ሾመ፤ አንዱ አይሁዳዊ፣ ሁለተኛው ናባጣዊ። ለልጁ ቀለብ በወር ሁለት ዲናር ብቻ ይሰጡ ነበርና ባባታ «ይህ ከልጄ ንብረት ጋር አይመጣጠንም» ብላ በሮማዊው ገዥ ፊት ከሰሰቻቸው።

አሁን ክሱን በጥሞና እንመልከት። ሴቲቱ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ቤቷ የሚነገረው አራማይክ ነው። ክሱ ግን የሮም ፍርድ ቤት እንዲቀበለው በግሪክኛ ተጻፈ፤ ከግሪክኛው በታችም የእሷ ቃል በአራማይክ ተጨመረ፤ ፊርማውንም ሌላ ሰው ስለ እሷ ፈረመ። በዚያው የሰነድ ክምችት ውስጥ በናባጥኛ የፈረሙ ምስክሮችም አሉ። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የሐዲስ ኪዳን ዘመን «ቋንቋ» የሚባለው ነገር አንድ እንዳልነበረ ነው፤ ልጅህን የምታሳድግበት ሌላ፣ ለልጅህ የምትከራከርበት ሌላ ነበር። በነገራችን ላይ በክሷ የተሰጠው ፍርድ ከሰነዶቹ መካከል አልተገኘም፤ ሙያዬ ሆኖ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንባቢ ዘደብረ ብርሃን

ጴጥሮስን «አነጋገርህ ይገልጥሃል» ያሉት ታዲያ ምኑን ሰምተው ነው? ሁሉም አራማይክ የሚናገሩ ከሆነ በምን ለዩት?

ብራና

በጉሮሮ ፊደላት ሳይሆን አይቀርም። የገሊላ ሰዎች የጉሮሮ ድምፆችን ይቀላቅሉ ነበር፤ የይሁዳ ሰዎችም ይስቁባቸው ነበር። የባቢሎን ታልሙድ (የአይሁድ መምህራን የሕግና የትርጓሜ ስብስብ)፣ ምንም እንኳ ከዚያ ዘመን እጅግ ዘግይቶ የተጠናቀረ ቢሆን፣ ይህን የሚያሳይ አንድ ቀልድ ይዞልናል። አንድ የገሊላ ሰው በገበያ እየዞረ «አማር ያለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። እነርሱም «አንተ ሞኝ ገሊላዊ፣ የምትጋልበውን ሐማር ነው፣ የምትጠጣውን ሐማር ነው፣ የምትለብሰውን ዐማር ነው ወይስ የምታርደውን እማር?» ብለው መለሱለት። የመጀመሪያው አህያ፣ ሁለተኛው ወይን፣ ሦስተኛው የበግ ጠጉር፣ አራተኛው ጠቦት ነው። «ፀምረ ጌዴዎን» ስንል የምናውቀው «ፀምር» የዚያ «ዐማር» የሥጋ ዘመድ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። እኛም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ አንና ዐን በጽሕፈት ይዘን በአፍ ካደባለቅን ብዙ መቶ ዓመት ሆኖናል። የኔታ ፊት ስንጽፍ ብቻ ነው የምንጨነቀው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ አፉን በከፈተ ቁጥር እንዲሁ ይታወቅበት ነበር።

ቀለም ቀንድ

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ጌታ ራሱስ ግሪክኛ ይናገር ነበር?

ብራና

ሊያውቅ ይችላል፤ ናዝሬት ከሴፎሪስ ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከጲላጦስ ጋር ሲነጋገርም አስተርጓሚ አልተጠቀሰም። ከዚህ አልፎ የሚናገር ሰው ከግምቱ እንጂ ከማስረጃ አይናገርም።

ወለተ ጽዮን

የተከበራችሁ ወንድሞች፣ እስካሁን ስለ ግሪክኛው ራሱ የተናገረ የለም። በብዙዎቻችን አእምሮ የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ የቅዱሳን የተለየ ቋንቋ ነው፤ በአውሮፓም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ እንዲህ ያስቡ ነበር፤ ከሊቃውንት ግሪክኛ ስለሚለይ «መንፈስ ቅዱስ ለብቻው የሠራው ነው» ያሉም ነበሩ። ይህን አሳብ ያፈረሰው የቆሻሻ ክምር ነው። በ1896 መጨረሻ ግሬንፌልና ሀንት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኦክሲሪንኩስ በምትባል የግብፅ ከተማ ጥንታዊ ጉድፍ መጣያ መቆፈር ጀመሩ፤ ደረሰኝ፣ ውል፣ የግብር ወረቀት፣ ደብዳቤ በብዙ ሺህ ወጣ። ከተማዪቱን እናንተ ሁላችሁ ታውቋታላችሁ፤ በዐረብኛ ስሟ ብሕንሳ ነው፣ በቅዳሴ ማርያም የምንሰማት የአባ ሕርያቆስ «ሀገረ ብሕንሳ»።

ከዚያ ከወጣው መካከል ቴዎን የሚባል ሕፃን ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው። አባቱ ጥሎት ወደ እስክንድርያ ሊሄድ ነውና ልጁ ተቆጥቷል። «እኔን ትተህ መሄድህ መልካም አደረግህ» እያለ ያሽሟጥጣል፤ ይዘኸኝ ካልሄድህ ደብዳቤም አልጽፍልህም፣ ሰላምም አልልህም ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ካልላክህብኝ አልበላም፣ አልጠጣም፣ በቃ ብሎ ይዘጋል። ፊደሉ ሁሉ በአፍ እንደሚነገረው ነው የተጻፈው፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የግሪክኛ አናባቢዎች በአነጋገር ወደ «ኢ» ድምፅ እየተጠጉ ስለነበር ልጁ የቱን ፊደል የት እንደሚያስገባ አያውቅም። «አልበላም፣ አልጠጣም» ሲል የተጠቀመበት ድርብ አሉታ በዮሐንስ ወንጌል ጌታ «ለዘላለም ሞትን አያይም» ባለበት ቦታ የሚገኘው ያው ድርብ አሉታ ነው። አዶልፍ ዳይስማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እነዚህን በመሰሉ ወረቀቶች እየተረዳ የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ የሕዝቡ የዕለት ቋንቋ እንደ ነበር ያሳየው እንዲህ ነው።

ሮምንም አትርሱ። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈው በላቲን ሳይሆን በግሪክኛ ነው፤ በዚያ የነበሩት ምእመናን ብዙዎቹ ከምሥራቅ የመጡ ስደተኞች፣ ባሪያዎችና ነጻ የወጡ ነበሩና። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሞቱት የሮም ጳጳሳት የአንጤሮስና የፋቢያን መቃብር ጽሑፍ በግሪክኛ ነው። የላቲን ክርስትና መጀመሪያ አፍ የፈታው በአፍሪካ ነው፤ በ180 በቅርጣግና የተገደሉት የሲሊ ሰማዕታት የፍርድ መዝገብ ዘመኑ የታወቀ የመጀመሪያው የላቲን ክርስቲያናዊ ጽሑፍ ነው። ዳኛው በሳጥናችሁ ምን አለ ብሎ ሲጠይቃቸው «መጻሕፍትና የጻድቁ ሰው የጳውሎስ መልእክታት» ብለው መለሱ።

የሕግ ሰው

እኅቴ ወለተ ጽዮን፣ ያ ሕፃን አሸነፈን። ነገር ግን ሕዝቡ ሁሉ ግሪክኛ ይሰማ ነበር ማለት ነው? የቤተ ክርስቲያን ስብከት በግሪክኛ ከሆነ ባባታን የምትመስል ሴት ምን ትሰማለች?

ወለተ ጽዮን

ይህን የምትመልስልን ሌላ ሴት አለች። ኤገርያ የምትባል ከምዕራብ የመጣች መንፈሳዊት ተጓዥ ከ381 እስከ 384 ቅድስት አገርን ጎብኝታ ያየችውን ለእኅቶቿ ጽፋለች። በኢየሩሳሌም ጳጳሱ ሱርስት (ይህም ያው የአገሩ አራማይክ ነው) ቢያውቅም ሁልጊዜ የሚናገረው በግሪክኛ ብቻ እንደ ነበር፣ አጠገቡም ቄስ ቆሞ ሁሉም እንዲሰማ ወደ ሱርስት ይተረጉም እንደ ነበር ትናገራለች፤ ምንባባቱም በግሪክኛ ተነብበው እንዲሁ ይተረጎማሉ። ሁለቱንም የማያውቁ የላቲን ሰዎች እንዳያዝኑ ደግሞ ግሪክኛና ላቲን የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች ያብራሩላቸው ነበር። እኔ በምኖርበት በአውሮፓ ከተማ ቅዳሴው በግእዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ ሆኖ፣ ለልጆቹ ደግሞ አንድ ወጣት ከኋላ ተቀምጦ በአገሩ ቋንቋ ሲያንሾካሹክላቸው ባየሁ ቁጥር ይህች ተጓዥ ትታወሰኛለች።

ያ አስተርጓሚ የሥራ መደብ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በ303 ቂሳርያ ላይ ስለ ተሠዋው ስለ ጵሮኮጵዮስ ሲጽፍ፣ በቤትሳን በምትገኘው ቤተ ክርስቲያን ሦስት አገልግሎት እንደ ነበረው ይነግረናል፤ አንባቢ ነበር፣ አጋንንት ያወጣ ነበር፣ ከግሪክኛ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ይተረጉምም ነበር።

አንባቢ ዘደብረ ብርሃን

የልስጥራን ነገር ደግሞ እኔ ልጨምር፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ነው። ሕዝቡ ጳውሎስ በግሪክኛ ሲሰብክ ሰምቶታል። ሽባው ሲነሣ ባዩ ጊዜ ግን የጮኹት «በሊቃኦንያ ቋንቋ» ነው፤ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሉ። ሐዋርያት የተባለውን ቶሎ የተረዱ አይመስሉም፤ ኮርማዎቹና የአበባ ጉንጉኑ ወደ ደጅ ከመጡ በኋላ ነው ልብሳቸውን የቀደዱት። ሰው ሲደነግጥ በቤቱ ቋንቋ ይጮኻል።

ቀለም ቀንድ

እንግዲህ መሸነፌን አምኜ አንድ ላበርክት፤ ከሰሜን አፍሪካ ነው። በጉባኤ ስለ አውግስጢኖስ ሁልጊዜ የምንሰማው የላቲን ሊቅነቱን ነው፤ በሀገረ ስብከቱ በሂጶ ዙሪያ ያለው ገበሬ ግን ፑኒክ፣ ማለት የቅርጣግናውያንን የፊንቄ ቋንቋ ይናገር ነበር። ከሂጶ 40 የሮም ማይል ያህል ለምትርቀው ለፉሳላ ጳጳስ ሲፈልግ ፑኒክ የሚያውቅ ሰው መፈለጉን ራሱ ጽፏል።

ስለ ሮሜ መልእክት በጀመረውና ባልጨረሰው ትርጓሜው የተረከውን ልብ በሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ጳጳስ ቫሌርዮስ፣ ግሪካዊ ሆኖ ላቲኑም የማያመቸው ሰው፣ ሁለት ባላገሮች ሲጨዋወቱ አንዱ «ሳሉስ» ሲል ሰማ። በላቲን «ሳሉስ» ድኅነት ማለት ነውና ተደንቆ ፑኒክ የሚያውቀውን ሰው ትርጉሙን ጠየቀ፤ መልሱም «ሦስት» የሚል ሆነ። ጳጳሱ በዚህ ምሥጢረ ሥላሴን አይቶ ደስ አለው። «ሠለስቱ ምዕት» እያልን ለምንኖር ለእኛ ግን ባላገሩ የተናገረው ምንም አስተርጓሚ አያሻውም ነበር።

ብራና

ቀለም ቀንድ፣ ይህ ከሁሉ የጣመ ነው።

ወደ እኛው አገር ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው የመርከበኞች መመሪያ የአክሱምን ምድር የሚገዛው ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት እንደሚያውቅ ይመሰክራል፤ ንጉሥ ዔዛናም በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ጽሑፎች አስቀርጿል። ወንጌሉ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ከግሪክኛ ነው፤ «ወንጌል»፣ «ዲያቆን»፣ «ኤጲስ ቆጶስ»፣ «ጰራቅሊጦስ» ሁሉ የግሪክኛ ቃላት ናቸው። ነገር ግን ከግሪክኛ የተተረጎመው መጽሐፍ ውስጥ «ሃይማኖት»፣ «ኦሪት»፣ «ምጽዋት»፣ «ጣዖት»፣ «ገሃነም»፣ «ዓርብ» የሚሉ የአራማይክ ቃላት ተቀምጠው እናገኛለን። ቀድሞ እነዚህን ከሶርያ የመጡ መነኮሳት ያስገቧቸው ናቸው ይባል ነበር፤ በ1964 ግን ፖሎትስኪ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ቃላቱ ከሶርያ ክርስቲያኖች ይልቅ ወደ አይሁድ አራማይክ እንደሚያደሉ አሳየ። ተርጓሚዎቹ መጽሐፉን ሳይጀምሩ ቃላቱ በአገሩ አፍ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ጠያቂው፣ አያትዎ በየሳምንቱ «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው» ሲሉ ከጎረቤት የተዋሱትን ቃል እየተናገሩ ነው።

ጠያቂው ዘእንጦጦ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብሁላት። የአህያውና የወይኑ ቀልድ ላይ በጣም ሳቀች፤ ባባታ ላይ ዝም አለች። ከዚያ እንደገና ማርቆስን አምጣ አለችኝና እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አስነበበችኝ። ብላቴናዪቱ ተነሥታ ስትመላለስ ጌታ «የምትበላውን ስጡአት» እንዳላቸው ይጽፋል አይደለም? «ቁሚ ያለበትን ቃል ካስቀረልን፣ አብሏት ያለበትን ቃልስ የት አደረገው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ዛሬም የምመልሰው አጥቻለሁ።

ብራና

ለአያትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በግሪክኛው ያ ዐረፍተ ነገር በጌታ ቃል መልክ አልተቀመጠም፤ ማርቆስ የጻፈው «የምትበላው ይሰጣት ዘንድ አዘዘ» ብሎ ነው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ደቀ መዛሙርት፣ አባትና እናት በምን ቃል እንዳለው ሰምተዋል። እስከ መጽሐፉ የደረሰው ግን «ቁሚ» ብቻ ነው።